የአእምሮ ሕመምና ጠበኝነት፦ ጥናቶቹ የሚሉትና የማይሉት

ዘግናኝ ጥቃት በተሰማ ቁጥር ከዜናው እግር በእግር ተከትሎ የሚመጣ ጥያቄ አለ፤ «የአእምሮ ሕመም ነበረበት ወይ?» የሚል። መልሱ ገና ሳይታወቅ ሕዝቡ በሁለት ጎራ ይከፈላል። አንደኛው ወገን ሕመሙ ብቻውን ለጥቃቱ በቂ ማብራሪያ ይመስለዋል። ሌላኛው ሕሙማንን ከመገለል ለመጠበቅ ሲል በሕመምና በጥቃት መካከል ቅንጣት ግንኙነት የለም ይላል። የሚገርመው ሁለቱም ወገኖች ጥናት ይጠቅሳሉ፤ አንዳንዴም የሚጠቅሱት ያንኑ አንድ ጥናት ነው።

በዚህ ላይ የሥነ ልቦና ተማሪዎች ለሁለተኛና ለሦስተኛ ዲግሪ የሚያዘጋጇቸው የመመረቂያ ጽሑፎች ይታከላሉ። የብዙዎቹ ርዕስ ተቀራራቢ ነው፤ ድባቴ፣ ጭንቀት ወይም ውጥረት ከጠበኝነት፣ ከመጠጥ፣ ከቁማር ወይም ከግድየለሽ አነዳድ ጋር ያለውን ግንኙነት ይመረምራሉ። በውጤታቸው ላይ «ጉልህ ግንኙነት ተገኝቷል» የሚል ዐረፍተ ነገር ይሰፍራል። ያ ዐረፍተ ነገር ከጥራዙ ወጥቶ በማኅበራዊ ሚዲያ መዞር ሲጀምር «ድባቴ ሰውን ጠበኛ ያደርጋል» ወደሚል ፍርድ ይለወጣል።

የክርክሩ ችግር የሚጀምረው ከጥያቄው አቀራረብ ነው። «አደገኛው ሰው ማን ነው?» ብሎ የሚነሳ ሰው የሚያገኘው መልስ ደካማና እርስ በርሱ የሚጋጭ ነው። «ማንኛውም ሰው፣ ሕመም ያለበትም የሌለበትም፣ ወደ ጥቃት የሚቀርበው በምን ጊዜና በምን ሁኔታ ነው?» ብሎ ለሚጠይቅ ግን ምርምሩ ካለፉት ሠላሳ ዓመታት ወዲህ ብዙ የሚናገረው አለው።

ስለ ምን እየተነጋገርን ነው?

የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 በዓለም ላይ 970 ሚሊዮን ሰዎች፣ ማለትም ከስምንት ሰዎች አንዱ፣ ከአእምሮ ጤና እክል ጋር እንደሚኖሩ ገምቷል። ከዚህ ቁጥር ትልቁን ድርሻ የሚይዙት ጭንቀትና ድባቴ ናቸው። በጥቃት ዜና ላይ ስማቸው የሚነሳው እንደ ስኪዞፍሬኒያ (ከእውነታ ጋር ያለን ግንኙነት የሚያዛባ ሕመም) እና ባይፖላር (ስሜት ከከፍተኛ መነሣሣት ወደ ጥልቅ ድባቴ የሚዋዥቅበት ሕመም) ያሉት ከባድ ሕመሞች የሚይዙት ድርሻ ትንሽ ነው። ስለዚህ «የአእምሮ ሕመምተኞች» የሚለው ጥቅል ስም እጅግ የተለያዩ ሰዎችን በአንድ ከረጢት ይከታል።

በሌላ በኩል ያለው ቃልም እንዲሁ ሰፊ ነው። በሥነ ልቦና ጠበኝነት የሚባለው ሌላውን ሰው ለመጉዳት ታስቦ የሚፈጸም፣ ተጎጂውም ሊሸሸው የሚፈልገው ድርጊት ነው። ቁጣ ስሜት ነው፤ ጥላቻና ጥርጣሬ ደግሞ አመለካከት ናቸው። ድርጊቱ፣ ስሜቱና አመለካከቱ በአንድ ሰው ውስጥ ሊገናኙ ይችላሉ እንጂ አንድ አይደሉም። ኬኔት ዶጅና ጆን ኮይ በ1987 ባሳተሙት ሥራ ጠበኝነትን ራሱን ለሁለት ከፍለውታል። አንደኛው ግብረ መልሳዊ ነው፤ ሰው እንደተነካ ወይም እንደተዛተበት ሲሰማው በግልፍታ የሚሰነዝረው። ሁለተኛው ታቅዶ፣ ጥቅም ለማግኘት፣ በቀዝቃዛ ልብ የሚፈጸም ነው። ከስሜት መታወክ ጋር በብዛት የሚያያዘው የመጀመሪያው ነው።

ለአደጋ የሚያጋልጥ ባህሪ የሚባለው ደግሞ ጠጥቶ ማሽከርከርን፣ ጥንቃቄ የጎደለው የግብረ ሥጋ ግንኙነትን፣ ቁማርንና የመሳሰሉትን ያጠቃልላል። ጉዳቱ በቅድሚያ የሚደርሰው በባለቤቱ ላይ ነው። ይህን ከጠበኝነት ጋር ደርቦ የሚያጠና ተመራማሪ ሁለቱን ምን እንዳገናኛቸው ማስረዳት ይጠበቅበታል፤ ብዙ ጊዜ ግን ይህ ማብራሪያ ሲቀርብ አይታይም።

ትልልቆቹ ጥናቶች ያገኙት

የዘመናዊው ክርክር መነሻ በ1990 ጄፍሪ ስዋንሰንና ባልደረቦቹ በአሜሪካ ያሳተሙት ትንታኔ ነው። ወደ አሥር ሺህ የሚጠጉ ሰዎች የሰጡትን መልስ መሠረት ያደረገ ነበር። ምንም የአእምሮ ጤና እክል ከሌለባቸው መካከል ባለፈው ዓመት ጥቃት መፈጸማቸውን የተናገሩት 2 በመቶ ገደማ ነበሩ። ስኪዞፍሬኒያ ብቻ በነበረባቸው ቁጥሩ ወደ 8 በመቶ ደረሰ። የአልኮል ሱስ ወይም አላግባብ አጠቃቀም በነበረባቸው ግን ወደ 25 በመቶ አሻቀበ። ከዚህ መረጃ ተነስቶ የተሠራው ስሌት እንደሚያሳየው ከባድ የአእምሮ ሕመም በሙሉ በአንድ ሌሊት ቢጠፋ በኅብረተሰቡ ውስጥ ያለው ጥቃት የሚቀንሰው በ4 በመቶ አካባቢ ብቻ ነው።

እነዚህ ቁጥሮች ለሁለቱም ጎራዎች የሚሆን አላቸው። ግንኙነት የለም ለሚሉት፣ ከ2 ወደ 8 በመቶ መዝለል «ምንም» ሊባል አይችልም። ሕመሙ ዋናው ምክንያት ነው ለሚሉት ደግሞ፣ ከጥቃቱ 96 በመቶ ያህሉ ከከባድ የአእምሮ ሕመም ጋር የሚያያይዘው ነገር የለውም።

በአሜሪካ የተሠራውና በ1998 የታተመው የማክአርተር ጥናት አንድ እርምጃ ወደፊት ሄደ። ከአእምሮ ሕክምና ተቋማት የወጡ 1,136 ሰዎችን በየአሥር ሳምንቱ እያነጋገረ ለአንድ ዓመት ተከታተለ፤ ከእነሱ ጋር በአንድ ሠፈር የሚኖሩ 519 ሰዎችንም ለንጽጽር ወሰደ። የአልኮልና የአደንዛዥ ዕፅ ችግር ምልክት የሌለባቸው ሕሙማን ተመሳሳይ ምልክት ከሌለባቸው ጎረቤቶቻቸው የተለየ የጥቃት መጠን አልታየባቸውም። ምልክቱ ሲኖር በሁለቱም ወገኖች ጥቃቱ ጨመረ። ልዩነቱ ይህ የመጠጥና የዕፅ ችግር በሕሙማኑ ዘንድ በብዛት መገኘቱ ነበር።

ከውጤቱ እኩል ትኩረት የሚገባው የአለካኩ ነገር ነው። ተመራማሪዎቹ የፖሊስና የሆስፒታል መዝገብን ብቻ ሲመለከቱ በዓመቱ ውስጥ ጥቃት የፈጸሙት ሕሙማን 4.5 በመቶ ነበሩ። የሕሙማኑንና የቅርብ ሰዎቻቸውን ቃል ሲጨምሩ ግን ቁጥሩ 27.5 በመቶ ሆነ። ሰዎቹ እነዚያው፣ ዓመቱም ያው ሆኖ ሳለ ውጤቱ ስድስት እጥፍ ልዩነት አሳየ። መዝገብን መሠረት ያደረገ ጥናትና በመጠይቅ የተሠራ ጥናት ተቃራኒ ነገር ሲናገሩ ስንሰማ ይህን ማስታወስ ይገባል።

የማክአርተር ጥናት ተቺዎችም አሉት። ለመሳተፍ ፈቃደኛ ያልሆኑትና በመሃል የተቋረጡት ሕመማቸው የጠናው ሊሆኑ ይችላሉ ይላሉ። ጎረቤት ለንጽጽር መወሰዱንም ያነሳሉ፤ ሕሙማኑ የሚኖሩት ድህነትና ወንጀል በበዛባቸው ሠፈሮች ከሆነ ከሠፈሩ ሰው ጋር እኩል መሆን ከመላው ሕዝብ ጋር እኩል መሆን አይደለም። ይህ ትክክለኛ ትችት ነው። ነገር ግን ከአካባቢው ጋር የተያያዘውን ጥቃት በሕመሙ ሒሳብ ላይ መጻፍ ተገቢ እንዳልሆነም በዚያው ያመለክታል።

በስዊድን የሕዝብ መዝገብ ላይ የተሠሩት ጥናቶች ሌላ መልክ ጨመሩበት። ሲና ፋዘልና ባልደረቦቹ በ2009 ባሳተሙት ሥራ ስኪዞፍሬኒያ ያለባቸውን 8,003 ሰዎች መዝገብ መረመሩ። ከእነሱ መካከል 13.2 በመቶ የሚሆኑት በኃይል ወንጀል ተፈርዶባቸው ነበር፤ ለንጽጽር ከተወሰደው ሕዝብ ደግሞ 5.3 በመቶ። ሕሙማኑን በሁለት ሲከፍሏቸው የመጠጥ ወይም የዕፅ ችግር በነበረባቸው 27.6 በመቶ፣ ባልነበረባቸው 8.5 በመቶ ሆነ። ከዚያም ተመራማሪዎቹ የመጠጥ ወይም የዕፅ ችግር ያለባቸውን ሕሙማን ሕመሙ ከሌለባቸው ወንድሞቻቸውና እህቶቻቸው ጋር አነጻጸሩ። ክፍተቱ በጣም ጠበበ፤ 28.3 በመቶ በ17.9። በአንድ ቤት ያደጉ፣ የሚጋሯቸው ወላጆች ያሏቸው ሰዎች ሲነጻጸሩ ልዩነቱ ይህን ያህል ከቀነሰ፣ ከውርስና ከአስተዳደግ የመጣውን ድርሻ ስንቶቻችን ለሕመሙ ሰጥተነው እንደነበር መገመት አያዳግትም።

የክርክሩ ጠባይ በግልጽ የሚታየው ግን በሌላ ጉዳይ ነው። በ2009 ኤሪክ ኤልቦገንና ሳሊ ጆንሰን 34,653 አሜሪካውያን የተሳተፉበትን መረጃ ተንትነው ከባድ የአእምሮ ሕመም ብቻውን የወደፊት ጥቃትን እንደማይተነብይ ደመደሙ። የቀድሞ ጥቃት፣ በልጅነት የደረሰ ድብደባ፣ የመጠጥና የዕፅ ችግር፣ ሥራ ማጣት፣ የቅርብ ጊዜ ፍቺ ግን ይተነብያሉ። በ2012 ደግሞ ሪቻርድ ቫን ዶርንና ባልደረቦቹ ይህንኑ መረጃ በሌላ መንገድ ተንትነው ሕመሙ ከመጠጥና ከዕፅ ውጪም የራሱ ግንኙነት እንዳለው አገኙ። ልዩነቱን የፈጠረው በአብዛኛው ሕመሙንና ጊዜውን ማዛመዱ ላይ ነው። ኤልቦገንና ጆንሰን በሕይወት ዘመን አንድ ጊዜ የታየን ሕመም ሲቆጥሩ፣ ቫን ዶርን ትኩረት ያደረገው ጥቃቱ ከተፈጸመበት ጊዜ ጋር በቀረበው የአንድ ዓመት ሕመም ላይ ነበር።

ጊዜው ሲገባ

ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት ታሞ የዳነን ሰውና ዛሬ ጠዋት በጽኑ ሕመም ላይ ያለን ሰው «ሕመምተኛ» ብሎ አንድ ላይ መቁጠር ሁለቱንም ይበድላል። ጊዜን ወደ ስሌቱ ያስገቡ ጥናቶች የሰጡት መልስ ከቀደሙት ይልቅ ጥርት ያለው በዚህ ምክንያት ነው።

ሳይኮሲስ፣ ማለትም ሰው ከእውነታ ጋር ያለው ግንኙነት የሚላላበት፣ የሌለ ድምፅ የሚሰማበት ወይም በማይናወጥ የተዛባ እምነት የሚያዝበት ሁኔታ፣ ሁልጊዜ እኩል አደጋ የለውም። ኦላቭ ኒልሰንና ማቲው ላርጅ በ2010 የቀደሙ ጥናቶችን አሰባስበው እንዳሳዩት የሳይኮሲስ ሕሙማን ከፈጸሟቸው የነፍስ ግድያዎች ወደ 39 በመቶ የሚጠጉት የተፈጸሙት ሕመሙ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነሳ፣ ገና ሕክምና ሳይጀመር ነው። በዚያ ወቅት መጠኑ ከ629 ሕሙማን አንድ ሲሆን፣ ሕክምና ከተጀመረ በኋላ በዓመት ከ9,090 አንድ ነው። የሕመሙ ስም አልተለወጠም፤ የተለወጠው ሕክምና መኖሩ ነው።

ፋዘልና ባልደረቦቹ በ2014 ደግሞ አንድን ሰው ከራሱ ጋር አነጻጸሩ። ከ2006 እስከ 2009 ባለው ጊዜ መድኃኒት የታዘዘላቸውን 82,647 ስዊድናውያን መድኃኒት በሚወስዱበትና በማይወስዱበት ወቅት ተመለከቱ። የሳይኮሲስ መድኃኒት በሚወስዱበት ጊዜ የኃይል ወንጀል በ45 በመቶ፣ የስሜት መዋዠቅን የሚያረጋጋ መድኃኒት በሚወስዱበት ጊዜ በ24 በመቶ ዝቅ ብሎ ተገኘ። የዚህ አሠራር ብልሃት የማይለወጠውን ሁሉ፣ ውርሱንም አስተዳደጉንም፣ ከስሌት ማውጣቱ ነው። ይሁን እንጂ ሙከራ አይደለም፤ መድኃኒቱን በአግባቡ የሚወስድበት ወቅት ሰውየው ቤተሰብ ያገዘው፣ መጠጥ የቀነሰበት ወቅት ሊሆን ይችላል።

በሕመሙ ውስጥ የትኛው ነገር ነው ወደ ጥቃት የሚገፋው የሚለው ጥያቄ አሁንም ያከራክራል። በ1994 ብሩስ ሊንክና አን ስቱቭ «ሊጎዱኝ ነው» እና «ሌላ ኃይል ይቆጣጠረኛል» የሚሉ እምነቶች የጥቃት ዋነኛ በር ናቸው አሉ። በ2000 የማክአርተር ተመራማሪዎች በራሳቸው መረጃ ፈትነው ይህን ሳያገኙት ቀሩ። በ2013 ጄረሚ ኮይድና ባልደረቦቹ በምሥራቅ ለንደን 458 አዲስ ሕሙማን ላይ ባደረጉት ጥናት ደግሞ ሦስተኛ መንገድ ቀረበ፦ ከከባድ ጥቃት ጋር የተያያዘው ቁጣን የቀሰቀሰው የተዛባ እምነት ነው። እያሳደዱኝ ነው፣ እየሰለሉኝ ነው፣ አሢረውብኛል የሚለው እምነት ቁጣ ሲወልድ ማለት ነው። እንግዲህ ቁጣ ሕመም የሌለበትም ሰው የሚያውቀው ነገር ነው። የሚዛተብኝ ነገር አለ የሚለው ስሜት፣ ቁጣውና መጠጡ በጤነኛውም ሰው ላይ ሲገናኙ ተመሳሳይ አቅጣጫ ይይዛሉ።

መጠጥ በሁሉም ጥናት ውስጥ ለምን ደጋግሞ ይመጣል? ክሎድ ስቲልና ሮበርት ጆሴፍስ በ1990 የሰጡት ማብራሪያ እስካሁን ተቀባይነት አለው። አልኮል የትኩረትን ወሰን ያጠባል፤ የሰከረ ሰው ከፊቱ ያለውን ስድብ ያያል እንጂ ነገ የሚመጣውን መዘዝ አያይም። ስለዚህ መጠጥ ጠብን ከምንም አይፈጥርም፤ የሚወስደው ጠቡን የሚያዘገየውን ልጓም ነው።

አደጋን መድፈር ከየት ይመጣል?

ለአደጋ የሚያጋልጥ ባህሪን በተመለከተ ሎረንስ ስታይንበርግ ያቀረበው ማብራሪያ በሰፊው ይጠቀሳል። በጉርምስና ዕድሜ ሽልማትን የሚፈልገው የአንጎል ሥርዓት ቀድሞ ይነቃል፤ ራስን የሚገዛው ሥርዓት ግን እስከ ሃያዎቹ ዕድሜ ቀስ ብሎ ይበስላል። በ2005 ማርጎ ጋርድነርና ስታይንበርግ 306 ሰዎችን በኮምፒውተር የመኪና ጨዋታ ፈተኑ። ጎረምሶቹ ጓደኞቻቸው አጠገባቸው ሲሆኑ ለብቻቸው ከሆኑበት ጊዜ ይልቅ ብዙ አደጋ ደፈሩ፤ በዐዋቂዎቹ ላይ የጓደኛ መኖር ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላመጣም። እዚህም ላይ ልዩነት የፈጠረው ሁኔታው ነው።

የስሜት እክልስ? ስቲቨን ዋይትሳይድና ዶናልድ ላይናም በ2001 ግልፍተኝነት አንድ ጠባይ አለመሆኑን አሳዩ። ከክፍሎቹ አንዱ መጥፎ ስሜት ሲጫን ተቻኩሎ የመወሰን ዝንባሌ ነው። ድባቴና ጭንቀትን ከመጠጥ፣ ከቁማርና ከግልፍታ ጠብ ጋር የሚያያይዘው ድልድይ ብዙ ጊዜ ይህ ዝንባሌ ሆኖ ይገኛል። ሰውየው አደጋውን የሚፈልገው ደስታ ስለሚሰጠው አይደለም፤ ከያዘው ስሜት ለማምለጥ ነው። ለሕክምና ይህ ልዩነት ትልቅ ትርጉም አለው፤ ስለ አደጋው ማስተማር የሚያመልጥን ሰው አይመልሰውም።

የመመረቂያ ጥናቶቹ ምን ያህል ይሸከማሉ?

አንድ የተለመደ የመመረቂያ ጥናት እንዲህ ይሠራል። ጥቂት መቶ ሰዎች፣ ብዙ ጊዜ ተማሪዎች፣ በአንድ ቀን ሁለት ወይም ሦስት መጠይቅ ይሞላሉ። ዘጠኝ ጥያቄዎች ያሉት የድባቴ መጠይቅ ይኖራል፤ አርኖልድ በስና ማርክ ፔሪ በ1992 ያዘጋጁት ባለ 29 ጥያቄ የጠበኝነት መለኪያም ይኖራል። ነጥቦቹ ይደመራሉ፣ ተዛምዶ (ሁለት ነገሮች ምን ያህል አብረው እንደሚለዋወጡ የሚያሳይ ቁጥር) ይሰላል፣ «ጉልህ» (በአጋጣሚ ብቻ የመጣ የማይመስል) ሆኖ ይገኛል።

አሁን የጠበኝነት መለኪያውን ከፍቶ ማየት ያስፈልጋል። አራት ክፍሎች አሉት፦ ዘጠኝ ጥያቄ ስለ አካላዊ ጠብ፣ አምስት ስለ ቃላዊ ጠብ፣ ሰባት ስለ ቁጣ፣ ስምንት ስለ ጥላቻና ጥርጣሬ። በመጨረሻው ክፍል ውስጥ ሕይወት እንደበደለችኝ ይሰማኛል፣ ዕድሉ ሁልጊዜ ለሌሎች ነው የሚቀናው የሚል ይዘት ያላቸው ጥያቄዎች ይገኛሉ። ይህ በድባቴ የተያዘ ሰው ስለ ሕይወቱ የሚያስበው ነው፤ በማንም ላይ እጁን ያንሣም አያንሣም። ስለዚህ አጠቃላይ ነጥቡን ከድባቴ ነጥብ ጋር ያዛመደ ተማሪ ከውጤቱ የተወሰነውን ያገኘው ሁለቱ መጠይቆች አንዱን ነገር ሁለት ጊዜ ስለጠየቁ ነው። የአካላዊ ጠቡ ክፍል ተለይቶ ሲሰላ ግንኙነቱ የሚሳሳ ከሆነ፣ በርዕሱ ላይ «ጠበኝነት» ተብሎ የተጻፈው በአብዛኛው መከፋት ነበር ማለት ነው። የአራቱን ክፍሎች ውጤት ለየብቻ ያላቀረበ ጽሑፍ ስለ ጥቃት እንደተናገረ መቁጠር አይገባም።

በተቃራኒው የሚጎድልም አለ። በልጆችና በጎረምሶች ድባቴ በሐዘን ምትክ በንጭንጭነትና በቶሎ መቆጣት ሊገለጥ እንደሚችል የምርመራ መመሪያዎች ይቀበላሉ። ዘጠኝ ጥያቄ ያለው መጠይቅ ግን ስለ ንጭንጭነት የሚጠይቅ አንድም ጥያቄ የለውም።

ሁለተኛው ችግር ጊዜ ነው። ሁሉም ነገር በአንድ ቀን ከተለካ ድባቴው ጠቡን አመጣ ወይስ ጠበኛው ሰው ወዳጆቹን ስላጣ ደበተው የሚለውን መለየት አይቻልም። ብዙ ተማሪዎች ይህን ችግር አገናኝ ተለዋዋጭ በሚባል ስሌት ሊሻገሩት ይሞክራሉ፤ ድባቴ ስሜትን የመግዛት ችሎታን ያዳክማል፣ ያም ወደ ጠብ ያመራል የሚል ሰንሰለት ይሳላል። ስኮት ማክስዌልና ዴቪድ ኮል በ2007 እንዳሳዩት በአንድ ጊዜ ከተሰበሰበ መረጃ እንዲህ ያለ ሰንሰለት ሲሰላ ውጤቱ በከፍተኛ ደረጃ ሊዛባ ይችላል። ቀስቶቹ በሥዕሉ ላይ ወደ አንድ አቅጣጫ ቢያመለክቱም አቅጣጫውን የመረጠው ተማሪው ነው።

መጠኑም አለ። በእነዚህ ጥናቶች የ0.30 ተዛምዶ ጥሩ ውጤት ተብሎ ይወሰዳል። ይህ ማለት በሰዎች መካከል ካለው የጠበኝነት ልዩነት ከድባቴ ልዩነት ጋር አብሮ የሚሄደው 9 በመቶው ነው። ከዚህ በተጨማሪ አንድ ተማሪ ሃያ የተለያዩ ግንኙነቶችን ቢፈትን፣ አንዱም እውነተኛ ባይሆን እንኳ፣ ቢያንስ አንዱ በአጋጣሚ «ጉልህ» ሆኖ የመገኘቱ ዕድል ወደ 64 በመቶ ነው።

አደጋን መድፈርን ለመለካት የሚደረገው ሙከራም ተመሳሳይ ፈተና ገጥሞታል። ሬናቶ ፍራይና ባልደረቦቹ በ2017 በ1,507 ሰዎች ላይ 39 መለኪያዎችን ሞክረው ሰዎች ስለራሳቸው የሚናገሩትና በቤተ ሙከራ ጨዋታ የሚያሳዩት እጅግ በጥቂቱ ብቻ እንደሚገጥም አገኙ። ሁለቱ በአንድ ስም ይጠሩ እንጂ የሚለኩት የተለያየ ነገር ይመስላል።

ይህን ሁሉ በተማሪው ላይ መጫን ፍትሐዊ አይሆንም። ጥቂት ወራት ጊዜና ትንሽ ገንዘብ ያለው ሰው አሥር ሺህ ሰዎችን ለዓመታት ሊከታተል አይችልም። የመመረቂያ ጽሑፍ ዋና ዓላማም ተመራማሪን ማሠልጠን ነው። ጥፋቱ ያለው ለልምምድ የተሠራውን ጥናት እንደ ፍርድ በሚያሰራጨው ላይ ነው። አንዳንድ ነገር ግን ያለ ወጪ ማሻሻል ይቻላል፤ መላምቱን መረጃ ከመሰብሰብ በፊት መመዝገብ፣ ክፍሎቹን ለየብቻ ማቅረብ፣ እነዚያኑ ሰዎች ከሦስት ወር በኋላ አንድ ጊዜ ደግሞ መጠየቅ።

አስቀድሞ መለየት ይቻላል?

ከጥቃት ዜና በኋላ «ለምን አስቀድሞ አልታወቀም?» የሚለው ቁጣ የሚጠበቅ ነው። መልሱን አንድ ምሳሌያዊ ስሌት ያሳያል። ከአሥር ሺህ ሰዎች መካከል አንድ መቶዎቹ በዓመቱ ውስጥ ጥቃት የሚፈጽሙ ናቸው እንበል። ከሚፈጽሙት 90 በመቶውን የሚይዝ፣ ከማይፈጽሙትም 90 በመቶውን በትክክል ነጻ የሚያወጣ መሣሪያ ቢኖረን 90 ሰዎችን ይይዛል፤ ከዚያ ጋር 990 ንጹሓንን አብሮ «አደገኛ» ይላል። ከተፈረጁት ከአሥራ ሁለቱ አንዱ ብቻ ነው ትክክለኛው። ይህን ያህል ጥራት ያለው መሣሪያ ደግሞ እስካሁን የለም። በ2012 የታተመ፣ ከ24,800 በላይ ሰዎችን ያካተተ ግምገማ እንዳሳየው፣ ጥቃት በብዛት በሚታይባቸው ቡድኖች ላይ እንኳ መካከለኛ ወይም ከፍተኛ አደጋ አለባቸው ከተባሉት በኋላ ጥቃት የፈጸሙት 41 በመቶ ነበሩ። ዝቅተኛ አደጋ አለው ተብሎ የተለየው ግን በአብዛኛው ትክክል ነበር። መሣሪያዎቹ የሚጠቅሙት ማን ሊለቀቅ እንደሚችል ለማገዝ ነው፤ ማን መታሰር እንዳለበት ለመወሰን ግን አይበቁም።

ንጽጽሩን በሌላ ምሳሌ ማየት ይቻላል። በ2015 የታተመ የስዊድን ጥናት ድባቴ ካለባቸው 47,158 ሰዎች ውስጥ ከወንዶቹ 3.7 በመቶ፣ ከሴቶቹ 0.5 በመቶ በኋላ በኃይል ወንጀል እንደተፈረደባቸው አሳይቷል፤ በሌላው ሕዝብ 1.2 እና 0.2 በመቶ ነበር። «ሦስት እጥፍ» የሚለው አርዕስት ከዚህ ይወጣል፤ ሐሰትም አይደለም። ድባቴ ካለባቸው ከመቶ ወንዶች 96ቱ በኃይል ወንጀል እንዳልተፈረደባቸውም ከዚያው ሠንጠረዥ ይነበባል።

የሕዝብ ክርክር ጨርሶ የሚረሳው ጎን ደግሞ አለ። ሊንዳ ቴፕሊንና ባልደረቦቿ በ2005 ቺካጎ ውስጥ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን 936 ሰዎች አነጋግረው ከአራቱ አንድ የሚበልጡት በዓመቱ ውስጥ የኃይል ወንጀል ሰለባ እንደሆኑ አገኙ፤ ከጠቅላላው ሕዝብ ከአሥራ አንድ እጥፍ በላይ ነው። በራስ ላይ የሚደርሰውም ጉዳት ከዚህ አያንስም። በ2021 በዓለም ላይ 727,000 ሰዎች ራሳቸውን እንዳጠፉ የዓለም ጤና ድርጅት ገምቷል።

ምን ይሠራል?

ቁጣን «ማውጣት» ያስታግሳል የሚለው እምነት ሰፊ ነው። ብራድ ቡሽማን በ2002 ስድስት መቶ ተማሪዎችን አስቆጥቶ ሲፈትን፣ ያስቆጣቸውን ሰው እያሰቡ የቡጢ ከረጢት የመቱት ይበልጥ ተቆጡ፤ ምንም ሳያደርጉ የተቀመጡት የተሻሉ ሆኑ። በ2024 ሶፊ ሼርቪክና ቡሽማን 154 ጥናቶችን ሲገመግሙም ቁጣን የሚቀንሰው እንደ ጥልቅ ትንፋሽና አካልን ማላላት ያለ ሰውነትን የሚያረጋጋ ተግባር ሆኖ ተገኝቷል።

ከቤተ ሙከራ ውጪ የተሠሩት የዘፈቀደ ምደባ ሙከራዎች፣ ማለትም ተሳታፊዎች በዕጣ የሚመደቡባቸው፣ ይበልጥ ትኩረት ይስባሉ። በቺካጎ ወጣት ወንዶች ከመቆጣታቸውና ከመንቀሳቀሳቸው መካከል ትንሽ ፋታ እንዲያስገቡ ያሠለጠነ ፕሮግራም በቆይታው ወቅት በኃይል ወንጀል መታሰርን በ45 እስከ 50 በመቶ ቀነሰ፤ ፕሮግራሙ ሲያበቃ ውጤቱ በእስር መዝገብ ላይ አልዘለቀም። በላይቤሪያ ዋና ከተማ በሞንሮቪያ ደግሞ ክሪስቶፈር ብላትማን፣ ጁሊያን ጀሚሰንና ማርጋሬት ሸሪዳን በወንጀል ውስጥ የሚኖሩ 999 ወንዶችን በአራት መደቧቸው፦ የስምንት ሳምንት የአስተሳሰብና የባህሪ ሕክምና፣ 200 ዶላር፣ ሁለቱንም፣ ወይም ምንም። ሕክምናው ብቻውን ሲሰጥ በዓመት ውስጥ ኃይሉ ደከመ፤ ገንዘቡ ብቻውን በጠባይ ላይ ዘላቂ ለውጥ አላመጣም። ሁለቱን ያገኙት ግን ከአሥር ዓመት በኋላም ወንጀላቸውና ጠበኝነታቸው በግማሽ ገደማ ቀንሶ ተገኝተዋል፤ ለውጡም የጎላው መጀመሪያ ላይ እጅግ የከፋ አደጋ በነበረባቸው ላይ ነው። ገንዘቡ ለምን ሕክምናውን እንዳጸናው ተመራማሪዎቹ የሚሰጡት ማብራሪያ ሰዎቹ አዲሱን ጠባይ ለጥቂት ወራት ያህል በተግባር የሚለማመዱበት ፋታ ማግኘታቸው ነው። ከአራቱ መደቦች ውስጥ ግን ይህን ማብራሪያ በቀጥታ የሚፈትን አልነበረም።